ጎታ፤ ትንሽ የጀርመን ከተማና ኢትዮጵያዊው እንግዳዋ

የከተማ ክብር በስፋቷና በሕዝቧ ብዛት ብቻ አይለካም። ብዙ ታላላቅ ከተሞች ግንባቸው ፈርሶ ስማቸው ተረስቷል፤ ትንንሽ የነበሩት ደግሞ አንድ መልካም ነገር ስለ ጠበቁ ስማቸው እስከ ዛሬ ይጠራል። በአዲስ አበባ ዙሪያ ያሉት ሰበታ፥ ቡራዩና ሱሉልታ በየበኩላቸው የፋብሪካ ከተሞች ሆነዋል። ትናንት እርሻና ግጦሽ በነበረው ምድር ዛሬ የፋብሪካ ጭስ ማውጫ ቆሟል፤ ሥራ ፈላጊውም ከየአገሩ ይጐርፋል። እንዲህ ያለች ከተማ ምን ትሠራለች የሚለውን ሁሉም ይጠይቃል፤ ምን ታስቀራለች ብሎ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ለዚህ ጥያቄ መልስ ለሚሻ ሰው ከሩቅ አገር የአንዲት ትንሽ የፋብሪካ ከተማ ታሪክ ምሳሌ ይሆነዋል። ከተማዪቱም በጀርመን አገር በቱሪንገን ግዛት ያለችው ጎታ ናት።

በአማርኛ ጎታ ማለት ከጭቃና ከጭድ ተሠርቶ በቤት ውስጥ የሚቆም የእህል ማኖሪያ ነው። የጀርመኒቱ ከተማ ስም ከዚህ ጋር ምንም ዝምድና የለውም፤ ታላቁ ካርል በ775 ባጻፈው ደብዳቤ ውስጥ ጎታሃ ተብላ ትገኛለች። ነገር ግን የቅኔ ሰው እንዲህ ያለውን መገጣጠም ሲያገኝ ሳያስተውለው አያልፍም። ሰሙ የእህል ማኖሪያ፥ ወርቁ የቃል ማኖሪያ ይሆንለታልና። በእውነትም በዚህች ከተማ የግዕዝና የአማርኛ ቃል እንደ ዘር ተከማችቶባታል፤ ዘሩንም ያገባው አንድ ኢትዮጵያዊ መነኩሴ ነው። ነገሩ እንዴት እንደ ሆነ ከዚህ በታች በተራ ይነገራል። የሚጠቀሱትም ዓመታት ሁሉ በኤውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ጎታ ከቱሪንገን ደን በስተ ሰሜን በኮረብታ ላይና በኮረብታው ሥር የተሠራች ናት። ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ የሚያልፈው ጥንታዊ የነጋዴ መንገድ ይነካታል፤ በስተ ምሥራቋ ኤርፉርት፥ በስተ ምዕራቧ አይዘናኽ ይገኛሉ። መንገድ ቢኖራትም የጐደላት ውሃ ነበር፤ ታላቅ ወንዝ አያልፍባትምና። ስለዚህ ከ1366 እስከ 1369 ባለው ጊዜ ከደኑ ተራሮች የሚወርደውን ውሃ በቦይ ጠልፈው እስከ ከተማዪቱ አመጡት። ይህ የላይና ቦይ የተባለው ሥራ ለሕዝቡ ውሃ ከመስጠቱ በላይ ወፍጮዎችን ያዞር ነበር። የገፈርሳን ግድብ የሚያውቅ የቡራዩ ሰው ይህን ሲሰማ ነገሩን በቶሎ ይረዳዋል። ገፈርሳ በ1938 በጣልያን ወረራ ጊዜ ለአዲስ አበባ ውሃ እንዲሰጥ ተገድቧልና፤ የከተማም ሆነ የፋብሪካ ሕይወት የሚጀምረው ከውሃ ነው።

የጎታ የመጀመሪያው ሀብት ቀለም ነበር። ቫይድ የሚባል ተክል በዚያ አገር ይበቅል ነበር፤ ቅጠሉ ተፈጭቶ፥ ተቦክቶና ደርቆ ልብስን ሰማያዊ የሚያደርግ ቀለም ይወጣዋል። በቱሪንገን በዚህ ንግድ የታወቁት አምስት ከተሞች ነበሩ፤ ጎታም ከእነርሱ አንዷ ነበረች። ባለጸጎቿ የሠሯቸው ቤቶችም በዚሁ ገንዘብ የቆሙ ናቸው። ነገር ግን ነጋዴዎች ከሕንድ አገር ኢንዲጎ የሚባለውን የበረታ ቀለም በመርከብ ማምጣት በጀመሩ ጊዜ የቫይድ ዋጋ ወደቀ። በዚህ ዓይነት የከተማዪቱ የመጀመሪያ ሙያ አለፈ። የጎታን ታሪክ የሚያነብ ሰው ይህን ልብ ይበል፤ ሙያዋ መለወጡ በዚህ አያበቃምና።

ከሀብቷ ጋር ጦርነትም አልተለያትም። በኮረብታው ላይ ግሪመንሽታይን የሚባል ምሽግ ነበረ። የከተማዪቱ መስፍን በአዋጅ የተወገዘ ሽፍታ በውስጡ ስላስጠጋ በ1567 ምሽጉ ተከቦ ተያዘ፤ እስከ መሠረቱም ፈረሰ። ከዚያ በኋላ በ1618 የጀመረው የሠላሳ ዓመት ጦርነት የጀርመንን አገር በሞላ አጠፋው፤ መንደሩ ተቃጠለ፥ እርሻው ጠፍ ሆነ፥ ከሰይፍ የተረፈውን ሕዝብ ረኃብና ቸነፈር ፈጀው። ጦርነቱ ገና ሳይቆም በ1640 የጎታ ግዛት ለመስፍን ኤርንስት ደረሰው። ይህ መስፍን በአምልኮቱና በጥንቃቄው የታወቀ ስለ ሆነ ሕዝቡ ፈሪሃ እግዚአብሔር ያለው ኤርንስት ብሎ ጠርቶታል።

መስፍኑ ምሽጉ በፈረሰበት ቦታ ላይ ከ1643 እስከ 1654 ድረስ አዲስ ቤተ መንግሥት አሠራ። ስሙንም ፍሪደንሽታይን አለው፤ የሰላም ድንጋይ ወይም የሰላም አምባ ማለት ነው። በበሩ ላይ የሰላም አሳሳም በድንጋይ ተቀርጿል፤ ከእርሱም ጋር ሰላም ትመግባለች፥ ጠብ ትበላለች የሚል ትርጕም ያለው ቃል ተጽፏል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ጠብ ሲበላቸው ለኖሩ ሰዎች ይህ ቃል ጌጥ ሳይሆን የዓይናቸው ምስክርነት ነበር።

ኤርንስት ግን ግንቡ ሳይፈጸም ትምህርቱን አስቀደመ። በ1642 አንድሬያስ ራይኸር የተባለ መምህር ባዘጋጀው የትምህርት ሥርዓት መሠረት በግዛቱ ያሉ ልጆች ሁሉ፥ ወንዶችም ሴቶችም፥ ከ5 ዓመታቸው ጀምሮ እስከ 12 ዓመታቸው ትምህርት ቤት እንዲገቡ አዘዘ። ልጁ ማንበብ፥ መጻፍ፥ ቍጥርና የሃይማኖት ትምህርት ይማራል፤ በዙሪያው ያለውንም ፍጥረት በዓይኑ እያየ እንዲያውቅ ይደረጋል። በዚያ ዘመን የገበሬን ሴት ልጅ ፊደል ማስቈጠር በብዙ አገር ያልታሰበ ነገር ነበር። እኛም ዘንድ ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይባላል፤ ይህ መስፍን ተረቱን ሳይሰማ ፈጽሞታል። በ1647 ደግሞ በዚያው በቤተ መንግሥቱ ውስጥ ቤተ መጻሕፍት አቆመ። ከቀለሙ ንግድ ይልቅ የጎታን ስም ያጸናው ይህ ነው።

በዚህ ጊዜ በጎረቤቷ በኤርፉርት አንድ ጐልማሳ ነበረ፤ ስሙም ኢዮብ ሉዶልፍ ይባላል። በ1624 የተወለደ ሲሆን ከልጅነቱ ጀምሮ የባዕድ ቋንቋ መማር ይወድ ነበር። ከብዙዎቹ ቋንቋዎች መካከል ልቡን የማረከው ግዕዝ ነው። በኤውሮፓ የግዕዝ መጽሐፍ ከታተመ መቶ ዓመት አልፎት ነበር። ከኮሎኝ ከተማ የመጣው ዮሐንስ ፖትከን በሮማ ከነበሩት ኢትዮጵያውያን ተምሮ በ1513 መዝሙረ ዳዊትን አሳትሟል፤ ኢትዮጵያዊው አባ ተስፋ ጽዮንም ከ1548 ጀምሮ ሐዲስ ኪዳንን በዚያው በሮማ አሳትመዋል። ሉዶልፍ እንዲህ ካሉ መጻሕፍት ብቻውን ፊደሉን ለየ፤ ግሡንም አጠና። ነገር ግን ቃሉን ከሚያውቅ ሰው አፍ ሰምቶ አያውቅም ነበር። ፊደል ያለ ንባብ፥ ንባብም ያለ መምህር እንዴት እንደሚያስቸግር የአብነት ተማሪ ሁሉ ያውቀዋል።

በ1649 ሉዶልፍ በሌላ ጕዳይ ወደ ሮማ በሄደ ጊዜ በቅዱስ እስጢፋኖስ ስም በሚጠራው የኢትዮጵያውያን ማረፊያ መነኮሳት እንዳሉ ሰምቶ ሄደ። በዚያም አባ ጎርጎርዮስን አገኘ። አባ ጎርጎርዮስ በአማራ ምድር በመካነ ሥላሴ የተወለዱ ናቸው። በአፄ ሱስንዮስ ዘመነ መንግሥት የሮማን እምነት ከተቀበሉት ወገን ነበሩ። አፄ ፋሲለደስ የአባቶችን ሃይማኖት መልሰው የኢየሱሳውያንን መምህራን ከአገር ባስወጡ ጊዜ፥ ከእነርሱ ጋር የተባበረው ሁሉ ተበተነ፤ አባ ጎርጎርዮስም አገራቸውን ትተው ወጡ፤ በመጨረሻም ሮማ ደረሱ። ብዙ ደም ያፈሰሰው የዚያ ዘመን ክርክር በቤተ ክርስቲያን ታሪክ የታወቀ ስለ ሆነ እዚህ ማብዛት አያስፈልግም። ለዚህ ታሪክ የሚበቃው በሰው አገር እንግዳ ሆነው መኖራቸው፥ የአገራቸውን ትምህርት ግን በልባቸው ይዘው መውጣታቸው ነው።

ሁለቱ ሲገናኙ የሚግባቡበት ቋንቋ ቸገራቸው። አባ ጎርጎርዮስ የኤውሮፓ ሊቃውንት የሚነጋገሩበትን ላቲን አያውቁም፤ ሉዶልፍም አማርኛን ገና አልሰማም። በመካከላቸው የቆመው ድልድይ ግዕዝ ነበር። በኢትዮጵያ ለጸሎት፥ ለመጽሐፍና ለቅኔ እንጂ ለገበያ የማይነገረው ልሳን፥ በሮማ ለሁለት የባዕድ አገር ሰዎች የዕለት መነጋገሪያ ሆነ። ሉዶልፍ ከመጽሐፍ የለቀመውን ቃል መነኩሴው በድምፅ አነበቡለት፤ ያልገባውን ፈቱለት፤ ከዚያም ወደ አማርኛ አሻገሩት። ከተለያዩም በኋላ መጻጻፋቸውን አልተዉም። አባ ጎርጎርዮስ በግዕዝና በአማርኛ የጻፏቸው ደብዳቤዎች ተጠብቀው ቆይተው ኋላ ለኅትመት በቅተዋል።

ሉዶልፍ ወደ አገሩ ተመልሶ በጎታ መስፍን አገልግሎት ገባ። መስፍኑም ስለ ሩቂቱ ክርስቲያን አገር በሰማ ጊዜ መነኩሴውን ያመጡለት ዘንድ ፈቀደ። በ1652 አባ ጎርጎርዮስ ከሮማ ተነሥተው የአልፕስን ተራሮች ተሻገሩ፤ ሉዶልፍም በኑርንበርግ ከተማ ተቀብሎ ወደ ጎታ አመጣቸው። የፍሪደንሽታይን ግንብ ገና ሥራው አልተፈጸመም ነበር። የኤውሮፓ በጋ በሚሆንባቸው ወራት እስከ መስከረም ድረስ በዚያ ተቀመጡ።

በዚያ የተደረገው ነገር ለዚያ ዘመን እንግዳ ነው። የኤውሮፓ መኳንንት ወደ ሩቅ አገር የሚልኩት አብዛኛውን ጊዜ አስተማሪ፥ ነጋዴ ወይም ወታደር ነበር። የጎታ መስፍን ግን እንግዳውን አስቀምጦ ጠየቀ። ስለ ነገሥታቱ ሥርዓት፥ ስለ ዳኝነት፥ ስለ ወንዞችና ስለ ተራሮች፥ ስለ አራዊትና ስለ አዝርዕት፥ ስለ ጥምቀት፥ ስለ ጾምና ስለ በዓላት በየተራ ጥያቄ ቀረበ፤ መልሱም ተጻፈ። በዚያ ክፍል ውስጥ መስፍኑና አማካሪዎቹ ደቀ መዛሙርት፥ ድኻው መነኩሴ መምህር ነበሩ። ከጦርነት ገና የወጣች፥ ግንቧ ያላለቀ ትንሽ ከተማ አንድ እንግዳ ከሩቅ ይዞት የመጣውን ዕውቀት ከወርቅ ቈጥራ ተቀበለች።

የዚያ ጥያቄና መልስ ፍሬ በኋላ ዘመን ታየ። ሉዶልፍ በ1661 የግዕዝን ሰዋስውና መዝገበ ቃላት በለንደን አሳተመ። በ1681 የኢትዮጵያን ታሪክ በፍራንክፈርት አወጣ። መጽሐፉ በአራት ክፍል የተከፈለ ነው፤ የመጀመሪያው ስለ ምድሪቱና ስለ ሕዝቧ፥ ሁለተኛው ስለ መንግሥቷ፥ ሦስተኛው ስለ ቤተ ክርስቲያኗ፥ አራተኛው ስለ ሕዝቡ ኑሮና ስለ ትምህርቱ ይናገራል። በ1691 የዚህን ታሪክ ሰፊ ትርጓሜ ጨመረ። በ1698 ደግሞ የአማርኛን ሰዋስውና የአማርኛን መዝገበ ቃላት አሳተመ። በኅትመት የወጣው የመጀመሪያው የአማርኛ ሰዋስው ይህ ነው። በ1701 መዝሙረ ዳዊትን በግዕዝ ካሳተመ በኋላ በ1704 በፍራንክፈርት ዐረፈ። ከእርሱ በኋላ የተነሡት የጀርመን ሊቃውንት በዚህ መሠረት ላይ ሠሩ፤ በ1857 የግዕዝን ሰዋስው፥ በ1865 ታላቁን የግዕዝ መዝገበ ቃላት ያሳተመው አውግስጦስ ዲልማን ከእነርሱ ዋናው ነው።

የኢትዮጵያ መምህራን ግሡን፥ አገባቡንና እርባ ቅምሩን ከጥንት ጀምሮ በቃል ሲያስተምሩ ኖረዋል፤ ደቀ መዝሙሩም በሌሊት እየቀጸለ፥ በቀን ቅኔውን እየነገረ ያጸናዋል። ሉዶልፍ ኢትዮጵያን በዓይኑ አላየም፤ በቅኔ ቤትም አልተቀመጠም። የእርሱ ቅኔ ቤት የአባ ጎርጎርዮስ አፍ ነበር። ይህንንም አልሸሸገም። መምህሩን በመጽሐፉ በስማቸው እየጠራ ጠቅሷቸዋል፤ ምስላቸውም በመዳብ ተቀርጾ ታትሟል። ብዙ የሩቅ አገር መንገደኞች ከአገሬው ሰው የሰሙትን በራሳቸው ስም ሲያወጡ የነገራቸው ሰው ስም ጠፍቷል። የመካነ ሥላሴው መነኩሴ ስም እስከ ዛሬ የሚታወቀው ደቀ መዝሙራቸው የመምህር ባለዕዳነቱን ስላልካደ ነው።

አባ ጎርጎርዮስ ግን ይህን ፍሬ አላዩም። ወደ አገራቸው ለመመለስ ተነሥተው ሲጓዙ በ1658 በእስክንድሮና ባሕር አጠገብ መርከባቸው ተሰብሮ በውሃ ሰጠሙ። ሰውነታቸው ለምድራቸው አልበቃም፤ ቃላቸው ግን አስቀድሞ በጎታ ገብቶ ነበርና ከእርሳቸው ጋር አልሰጠመም። መስፍን ኤርንስት ተስፋ ባለመቍረጥ በ1663 የሉዶልፍን ተማሪ ዮሐንስ ሚካኤል ቫንስሌብን ወደ ኢትዮጵያ ላከው። ይህ ሰው ግብጽ ከደረሰ በኋላ የእስክንድርያው ፓትርያርክ ጉዞው እንደማይበጅ ስለ መከሩት ኢትዮጵያን ሳያይ ቀረ፤ ኋላም ወደ ሮማ ሄዶ እምነቱን ለወጠ። መስፍኑም በ1675 ሞተ፤ በጎታና በኢትዮጵያ መካከል የተጀመረው መንገድ ለብዙ ዘመን ተቋረጠ።

ከተማዪቱ ግን ከመጽሐፍ ጋር የገባችውን ዝምድና አልተወችም፤ ዕውቀቱ ራሱ ሙያ ሆናት። በቤተ መንግሥቱ ውስጥ የተሠራውና ኋላ በኮንራድ ኤክሆፍ ስም የተጠራው ቴአትር በ1775 ቋሚ ደመወዝተኛ ተዋንያን አቆመ፤ የመድረኩን ሥዕል በገመድና በእንጨት መዘውር የሚለውጠው መሣሪያ እስከ ዛሬ ይሠራል። በ1757 የሸክላ ዕቃ ፋብሪካ ተከፈተ። ከ1763 ጀምሮ የነገሥታትንና የመሳፍንትን የትውልድ ሐረግ በየዓመቱ የሚያወጣው የጎታ አልማናክ በፈረንሳይኛ ይታተም ጀመር። በ1785 ዩስቱስ ፔርቴስ ያቋቋመው ማተሚያ ቤት ይህን ሥራ ይዞ ከዚያም በካርታ ሥራው በዓለም ታወቀ። ኤርንስት ቪልሄልም አርኖልዲ የተባለው ነጋዴ ደግሞ በ1820 የእሳት አደጋ፥ በ1827 የሕይወት ኢንሹራንስ ማኅበር መሠረተ፤ የእያንዳንዱን ጉዳት ማኅበርተኛው ሁሉ እንዲካፈለው የሚያደርግ ዕድር መሰል ሥራ ነበር። በ1847 ባቡር ገባ።

በባቡሩም ዘመን የጎታ ስም እንደ ገና ወደ ኢትዮጵያ ደረሰ። አውግስጦስ ፔተርማን የተባለው የካርታ ሊቅ ከ1855 ጀምሮ በፔርቴስ ማተሚያ ቤት የጂኦግራፊ መጽሔት ያወጣ ነበር። በአፍሪቃ መካከል የጠፋውን መንገደኛ ኤድዋርድ ፎግልን የሚፈልግ ጓድ በ1861 በእርሱ አሳቢነት ተላከ፤ አለቃውም ቴዎዶር ፎን ሆይግሊን ነበረ። ሆይግሊን ግን የታዘዘውን መንገድ ትቶ ወደ ጎንደር አቀና፤ በ1862 በዘመቻ ላይ የነበሩትን አፄ ቴዎድሮስን አገኘ። የላኩት ሰዎች በዚህ ተቈጥተው አለቅነቱን ለቨርነር ሙንዚንገር ሰጡ። በዚያው በ1862 የጎታው መስፍን ዳግማዊ ኤርንስት ራሱ ወደ ምጽዋና ወደ ቦጎስ ምድር መጥቶ ተመልሷል። አንባቢ የሁለቱን ዘመን ልዩነት ያስተውል። የመጀመሪያው ኤርንስት ኢትዮጵያዊውን ጠርቶ ጠየቀ፤ በሁለተኛው ዘመን ግን ለካርታ የሚለካው መንገደኛ ራሱ ወጣ። ካርታ መልካም ነገር ነው፤ ነገር ግን ከሊቁ እጅ ወጥቶ በቅኝ ገዢ እጅ ሲገባ ለሌላ ሥራ እንደሚውል ያ ክፍለ ዘመን አሳይቷል።

ጎታ እውነተኛ የፋብሪካ ከተማ የሆነችው ከዚህ በኋላ ነው። ሠራተኛው በዝቶ ነበርና በግንቦት 1875 ሁለቱ የጀርመን ሠራተኞች ፓርቲዎች በዚህች ከተማ ተሰብስበው አንድ ሆኑ። በ1883 የተጀመረ የብረታ ብረት ሥራ ቤት አድጎ የባቡርና የትራም ፉርጎ የሚሠራ ታላቅ ፋብሪካ ወጣው። የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በተነሣ ጊዜ ግን ይኸው ፋብሪካ የቦምብ መጣያ አይሮፕላን ሠራ። አይሮፕላኑም በከተማዪቱ ስም ጎታ ተባለ። በሰኔ 13 ቀን 1917 እነዚህ አይሮፕላኖች በቀን ብርሃን ለንደንን ደበደቡ፤ 162 ሰዎች ሞቱ። ከእነርሱም 18ቱ በፖፕላር ሠፈር ባለው ትምህርት ቤታቸው የተቀመጡ ልጆች ነበሩ፤ አብዛኞቹ ከ4 እስከ 6 ዓመት የሚሆናቸው ናቸው። በ1642 የ5 ዓመት ልጅ ሁሉ ትምህርት ቤት ይግባ ብላ ያዘዘች ከተማ፥ በ1917 ስሟ ትምህርት ቤት የገቡ የ5 ዓመት ልጆች የሞቱበት መሣሪያ ስም ሆነ። የእንግሊዝ ነገሥታት ቤትም ሳክስ ኮቡርግና ጎታ ይባል የነበረውን ስሙን በሐምሌ ወር በዚያው ዓመት ትቶ ዊንዘር ተባለ።

ኢትዮጵያም ይህን ዓይነት ዕውቀት ታውቀዋለች፤ በታኅሣሥ 1935 የጣልያን አይሮፕላኖች ደሴን ሲደበድቡ አይታለችና። እጅ የሚሠራውን ልብ ካልመራው ፉርጎ የሚያበጀው ብረት ለሞትም ይበጃል።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መከራው ወደ ጎታ ተመለሰ። በየካቲት 24 ቀን 1944 ፋብሪካው ተደበደበ፤ በከተማዪቱ አጠገብ በኦርድሩፍም እስረኞች በሥራና በረኃብ የሚያልቁበት ሠፈር ነበረ። በሚያዝያ 1945 የአሜሪካ ጦር በተቃረበ ጊዜ የበላዮቹ ትእዛዝ ከተማዪቱ እስከ መጨረሻ ትዋጋ የሚል ነበር። የጦር አዛዡ ዮሴፍ ፎን ጋዶላ፥ ኦስትርያዊው መኰንን፥ ሕዝቡ በከንቱ እንዳያልቅ ነጭ ባንዲራ ይዞ ከተማዪቱን ለማስረከብ ወጣ። በራሱ ወገን ተይዞ በቫይማር ተፈረደበት፤ በሚያዝያ 5 ቀን በጥይት ተገደለ። ጎታ ግን በዋዜማው ያለ ውጊያ ተላልፋ ስለ ነበረ ከጥፋት ዳነች። ፍርዱ የተሻረለት በ1997 ነው። በበሩ ላይ የተጻፈውን የሰላም ቃል በደሙ ያነበበ ሰው ይህ ነው።

ከጦርነቱ በኋላ ጎታ በሶቪየት እጅ ገባች፤ ከ1949 እስከ 1990 በምሥራቅ ጀርመን መንግሥት ሥር ኖረች። ፋብሪካው እስከ 1967 ድረስ ትራም ሠርቶ ለብዙ አገር አቀረበ፤ ከዚያ ያም ቀረ። አልማናኩ በ1944 ቆሞ ነበር። ዛሬ ከተማዪቱ 45 ሺህ ያህል ሕዝብ አላት፤ የጭነት መኪና ተሳቢ የሚሠራ ፋብሪካም አለባት። እንግዲህ ቢቈጠር፥ ቀለሙ አልፏል፤ አልማናኩ አልፏል፤ አይሮፕላኑ አልፏል፤ ትራሙ አልፏል። በ1647 የተመሠረተው ቤተ መጻሕፍት ግን በዚያው ግንብ ውስጥ አለ። በሺህ የሚቈጠሩ የምሥራቅ አገር የብራናና የወረቀት ጽሑፎች ተከማችተውበት ከዓለም ዙሪያ ተማሪ ይመጣበታል። ሙያ ከተማን ያኖራል፤ ያኖረችው ዕውቀት ግን ከሙያዋ በኋላ ያስጠራታል።

ከዚህ በኋላ ዓይንን ወደ አዲስ አበባ ዙሪያ መመለስ ይገባል። ሰበታ፥ ቡራዩና ሱሉልታ ከጥቂት ዓመታት ወዲህ በሸገር ከተማ አስተዳደር ሥር ተጠቃለዋል። በሰበታ የቢራና የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎች ተተክለዋል፤ እስከ ጅቡቲ የሚደርሰው አዲሱ የባቡር ሐዲድም በ2016 ሲመረቅ መነሻው ሰበታ ሆኗል። የቡራዩ ገፈርሳ አዲስ አበባን ያጠጣል። የሱሉልታ ምንጭ በጠርሙስ ታሽጎ ይሸጣል፤ የጎጃምም መንገድ በዚያ ያልፋል። የእነዚህም ከተሞች ሙያ ከጊዜ ጋር ይለወጣል፤ አንዱ ፋብሪካ ይዘጋል፥ ሌላው ይከፈታል። በ2016 በተነሣው ሁከት በሰበታ ዙሪያ ፋብሪካዎች ሲቃጠሉ ታይቷል፤ ሰላም ትመግባለች፥ ጠብ ትበላለች የሚለው ቃል ለጎታ ብቻ የተጻፈ አይደለም።

ለእነዚህ ከተሞች ዕውቀት የሚያኖሩበት መሠረት አልጐደላቸውም። በሰበታ ዓይን ያጡ ልጆች ፊደል በጣታቸው የሚያነቡበት መርሐ ዕውራን ትምህርት ቤት አለ፤ የጌተሴማኒ ቤተ ደናግል ገዳምም በዚያው ይገኛል። ከሰበታ በላይ በወጨጫ ተራራ የሚገኘውን የመናገሻ ሱባን ደን አፄ ዘርዐ ያዕቆብ እንዳስተከሉት ሲነገር ይኖራል። በሱሉልታ መንገድ ደግሞ ከጎጃም ቅኔ ቤቶች የወጡ ተማሪዎች አኩፋዳቸውን ይዘው ወደ አዲስ አበባ ሲወርዱ ኖረዋል። ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ግን በፋብሪካው በር በየማለዳው የሚሰለፈው ሰው ነው። ከወለጋ የመጣው የአያቱን የትውልድ ቍጥር በኦሮምኛ በቃሉ ያወርዳል። ከጎጃም የመጣው ምናልባት ዜማ ተምሮ ያቋረጠ ነው። ከጉራጌ የመጣችው የእንሰትን ዓይነት በየስሙ ትለያለች። ፋብሪካው የሚፈልገው እጃቸውን ስለ ሆነ በአፋቸው ያለውን የሚጠይቃቸው የለም።

የጎታ መስፍን ጥበብ በዚህ ላይ ነው። አባ ጎርጎርዮስ ወደ እርሱ ሲመጡ ርስት የሌላቸው፥ ስደት ያንገላታቸው፥ የአገሩን ቋንቋ የማያውቁ እንግዳ ነበሩ። እንዲህ ያለውን ሰው ምጽዋት ሰጥቶ ማሰናበት ቀላል ነበር። እርሱ ግን ወንበር ሰጥቶ ጠየቀ፤ የሰማውንም አጻፈ፤ ያጻፈውን አኖረ። ለዚህ ታላቅ ሀብት አላስፈለገውም፤ ጥቂት ወር፥ ብራናና ቀለም፥ የሚያዳምጥም ጆሮ ብቻ ነበር። በሰበታ፥ በቡራዩና በሱሉልታ ያለ ካህን፥ መምህር፥ የፋብሪካ አለቃም ቢሆን ይህ አይጐድለውም። አንድ ደብተር ገዝቶ፥ በዕረፍት ቀን አንዱን ሽማግሌ ወይም አንዱን የቀን ሠራተኛ አስቀምጦ፥ የአገርህን ነገር ንገረኝ ቢለው፥ የተናገረውንም ከስሙ ጋር ቢጽፈው፥ የዚያን ቀን ከተማው ጎታውን መሥራት ጀመረ ማለት ነው።